እምቢ ያለው ቤት

ዲላ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድኸው ወንድሜ ለልዑልሰገድ፣

በሰው አገር የሚያድር ሰው ቢያመው እንኳ «ምን ሆንህ?» የሚለው የለምና አስቀድሜ የምጠይቅህ ጤናህን ነው። ብርዱ እንዴት ይዞሃል? እኔና ውዳሴ አምላክ ይክበር ይመስገን ቆመን እንሄዳለን። አክስቴ እናትህም ጉልበቴን ከማለት በቀር ደኅና ናት፤ እሑድ ሄጄ አይቻታለሁ።

በወረቀት መጻፌ አይግረምህ። የእኔ ስልክ የቤቱ ሁሉ ስልክ ነው። ውዳሴ ትከፍተዋለች፣ የጎረቤት ልጆች ጨዋታ ይጫወቱበታል። ደግሞም አማርኛ ሳስተምር ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ በአውራ ጣት ተነካክቶ የሚላክ ሰላምታ ሰላምታ አይመስለኝም። መልስህን በትምህርት ቤታችን ፖስታ ሳጥን ላክልኝ።

የዘንድሮው ወባ ጉድ ነው። ባለፈው ሳምንት ከሃምሳ ስምንት ተማሪ ሃያ አንዱ ቀርተውብኝ ለባዶ ዴስክ ስለ ተውላጠ ስም ሳወራ ዋልሁ። እኛ ከለገዳራ ወንዝ አጠገብ ያለነው ደግሞ ይብስብናል። እኛ ቤት ተቀምጠህ ስትማር ትንኝ በጠርሙስ እየያዝህ አልጋዬ ላይ ስትለቅብኝ የገረፍሁህ ትዝ ይልሃል? ለካ ዶክተር የምትሆንበትን ነገር ነበር የገረፍሁህ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ውዳሴ የጤና ትምህርቷን ልትጨርስ አንድ ዓመት ቀርቷታል። የአንተ የወባ ጥናት እዚህ ዲላ ቢሮ ሊከፍት ነው፣ ሰውም ይቀጥራል ሲሉ ሰማሁ። ለዘመድ አድላ አልልህም፤ እንደ ማንም አይተህ ፈትናት። እጇ ጥንቁቅ ነው፣ አፏም ቁጥብ ነው። አባቷ ከፈለኝ ካረፈ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ለእኔ ያለችኝ እርሷ ናት፣ ለእርሷም ያለኋት እኔ ነኝ።

የጥበቃው መልአክ ከደጅህ አይለይ።

እኅትህ የትምወርቅ


አንትወርፕ፣ መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርሽና ለምወድሽ እትዬ የትምወርቅ፣

የአንቺ ሰላምታ ሲደርሰኝ ክፍል ውስጥ ተነስቼ መቆም ያምረኛል። በያለሽበት ሰላምሽ ይብዛ። እኔ ከብርዱ ጋር ተላምደናል፤ እርሱም አይለቀኝ፣ እኔም አልለቀው። ደብዳቤሽ ቢሮ ሲደርስ የቤልጅየም ባልደረቦቼ ቴምብሩን ለማየት ተሰበሰቡ። ደብዳቤ የሚጽፍ ዘመድ ያለኝ እኔ ብቻ መሆኔን ሳውቅ ትንሽ ኮራሁ።

የውዳሴ ነገር አልቋል። ከሚያዝያ መግቢያ ጀምሮ በዲላው ቢሮ መረጃ አስገቢ ሆና ትሠራለች። የሠፈር ሠራተኞቹ በየቤቱ የሞሉትን ቅጽ ኮምፒውተር ላይ ማስገባት ነው ሥራዋ። አድልቼላት አይደለም፤ ከአሥራ አራት አመልካች ሁለተኛ ወጥታ ነው። አለቃዋ ሚሊዮን ይባላል፤ ሰባተኛ ክፍል አንቺ ያስተማርሽው ልጅ ነው። አሁንም ስምሽ ሲነሳ ጃኬቱን ይቆልፋል።

ሥራችንን ባጭሩ ልንገርሽ። የወባ ትንኝ የድሮውን የርጭት መድኃኒት ለምዳ ንቃዋለች። ስለዚህ ግማሹን ሠፈር በአዲስ መድኃኒት፣ ግማሹን በድሮው እናስረጫለን። ከዚያ በዕጣ የወጡ ቤቶች በየአሥራ አምስት ቀኑ ይጎበኛሉ። ወጥመድ ይሰቀላል፣ ከጣት አንዲት ጠብታ ደም ይወሰዳል፣ ጥቂት ጥያቄ ይጠየቃል። እና ምን ደረሰ መሰለሽ? ዕጣው የአንቺን ቤት አወጣው! ቤት ቁጥር 214። ሁለት ዓመት ሙሉ በርሽ ላይ ሳነበው የኖርኩትን ቁጥር ዝርዝሩ ውስጥ ሳገኘው ጮክ ብዬ ሣቅኩ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ሠራተኞቹ «በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት አለ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ኮትሪሞክሳዞል የሚባል መድኃኒት ዕለት ዕለት የሚወስድ ሰው በወባ ቶሎ አይያዝም። እርሱን ከሌላው ጋር ከቆጠርነው ርጭቱ ያልሠራውን ሠራ ልንል ነው። ስለዚህ ለእኔ ቅጹን በውሸት የሞላ ቤት እምቢ ካለ ቤት ይከፋል። ለአንቺ ይህን መንገር ለቄስ አቡነ ዘበሰማያትን ማስተማር ነው፣ ግን ለሁሉም ሰው የምለው ስለሆነ ነው።

ወንድምሽ ልዑልሰገድ


ዲላ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለልዑልሰገድ፣

ጤናህ እንደ ምኞቴ ይሁን። ለውዳሴ ስላደረግህላት ምን ልበልህ? ሰኞ ሥራ ስትገባ የአባቷን ሰዓት አስራ ሄደች። ሰዓቱ ቆሟል፤ ማሰሪያውን አስጠብባ እንዲሁ ታስረዋለች። ልቧ ሞልቶ ስትመለስ ዓይኗ ላይ ያስታውቅ ነበር። ክብረት ይስጥልኝ።

ቤቴን ግን ተወው። ሌላ ዕጣ አውጣ።

ግድግዳዬ ላይ ሥዕለ አድኅኖ አለ፣ መድኃኒት ሲረጭበት አልወድም። ሽታም አልችልም፣ ሳል ይጀምረኛል። ጣት መወጋትም ከልጅነቴ እፈራለሁ፤ ባትስቅብኝ ደስ ይለኛል። ደግሞ ወጥመድ ሰቃዮችህ ሁሉ ያስተማርኋቸው ልጆች ናቸው። ትናንት «ድርብ ሰረዝ የት ነው የሚገባው?» ብዬ ጆሯቸውን የቆነጠጥኋቸው ልጆች ዛሬ «መምህር፣ ጣትዎን ያምጡ» ሲሉኝ አስበው።

ባለፈው ረቡዕ ሁለቱ መጥተው አንኳኩ። ሻይ አጠጥቼ ሸኘኋቸው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀትህ አጥብቆ ሳይዘኝ ሰርዘኝ።

አክባሪህ የትምወርቅ


አንትወርፕ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ የትምወርቅ፣

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ነው፤ ቅሬታዬ ግን አዲስ ነው።

ሥዕሉን በጨርቅ ጠቅልሎ ማውጣት ይቻላል። አዲሱ መድኃኒት ሽታ የለውም። ጣት የመወጋቱ ፍርሃት ደግሞ ሁለት ጥርስ ባንድ ቀን ስታስነቅዪ አጠገብሽ ተቀምጬ ስለነበር ይቅርብኝ። ምክንያቶችሽን ሳነብ ተማሪ የቤት ሥራውን ጅብ በላብኝ ሲልሽ የምታሳዪው ፊት ነው የመጣብኝ።

እትዬ፣ ነገሩ ቀልድ አይደለም። እምቢ ያሉ ቤቶች ከመቶ አሥራ አንድ ደርሰዋል። ከአሥር ካለፈ አለቃዬ ጥናቱን አይቀበሉትም፤ አራት ዓመቴን ውኃ በላው ማለት ነው። ሚሊዮን ምን እንደሚለኝ ታውቂያለሽ? «መምህርቷ እምቢ ካሉ እኛስ ብለው ጎረቤቶቻቸውም በር መዝጋት ጀምረዋል» ይለኛል። ሠፈሩ አንቺን ያያል። ትንኝ ተማሪዎችሽን አልጋ ላይ ስታስተኛ እያየሽ በር የምትዘጊ አንቺ ትሆኛለሽ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ደንቡ እምቢ ያለ ቤት ሦስት ጊዜ እንዲጎበኝ ነው። በሦስተኛው የቀበሌ ሰው አብሮ ይመጣል። እዚያ ሳይደርስ ብትፈቅጂ ደስ ይለኛል። አንቺው አሳድገሽኝ አንቺው አታዋርጂኝ።

ልዑልሰገድ


ዲላ፣ ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለልዑልሰገድ፣

ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ከብዶኛል። ከዚህ በፊት ሦስት ጽፌ ሦስቱንም ምድጃ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ። ይህን ግን መልሼ ሳላነበው አሽገዋለሁ።

ኤችአይቪ በደሜ ውስጥ አለ። ካወቅሁት አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ይኸው ተጻፈ።

ከፈለኝ በጉበት ሞተ ሲባል ሰምተሃል። ለለቅሶ የመጣው ሁሉ ያንኑ ከእኔው አፍ ሰምቷል። ከአርባው በኋላ ከፍስሐ ገነት ቡና የገዛበትን ደረሰኝ ሳገላብጥ ከመሃሉ የምርመራ ወረቀት ወጣ። ቀኑን አየሁት። ከመሞቱ አምስት ዓመት በፊት ነው። አምስት ዓመት ሙሉ እያወቀ ከጎኔ ተኝቷል። ሰው እንዳያየው ብሎ መድኃኒቱን እንኳ አልጀመረም። በሞተ ሰው አይቆጡም ይባላል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ተቆጥቻለሁ።

ውዳሴን ያን ጊዜ ታይፎይድ ነው ብዬ አስመረመርኋት። ነፃ ናት። እኔ መድኃኒቴን የማመጣው ከሐዋሳ ነው። ታኅሣሥና ሐምሌ ለገብርኤል ንግሥ እሄዳለሁ ብዬ የስድስት ወሩን ይዤ እመለሳለሁ። ሠፈሩ «የትምወርቅ ስለቷን አትረሳም» ይላል። መልአኩን መሸፈኛ ማድረጌን እርሱ ራሱ ይቅር ይበለኝ። ደኅና ነኝ፤ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ወርዷል ይሉኛል። ከዋናው ኪኒን ጋር ግን ለእኔ ዓይነቱ ሰው የሚታዘዘው ያ የጻፍህልኝ ኮትሪሞክሳዞልም አለ።

እንግዲህ ጥያቄህ ለእኔ ምን እንደሆነ አስበው። «የለም» ብል ጥናትህን ዋሸሁት። «አለ» ብል ለሚሊዮንና ለሁለት ተማሪዎቼ ተናዘዝሁ፤ ወረቀቱን ወደ ኮምፒውተር የምታስገባው ደግሞ የገዛ ልጄ ናት። ውሸት ከእምቢታ ይከፋል ያልኸኝ አንተ ነህ። እምቢ ያልሁት እንዳልዋሽህ ነው።

ውዳሴ አታውቅም። አባቷ ለእርሷ ታቦት ነው። በሚመጣው ዓመት ትመረቃለች። የተመረቀች ዕለት፣ እንግዳው ሲበተን፣ አስቀምጬ በገዛ አፌ እነግራታለሁ። ከሌላ ከሰማችው ግን ልጅ አለኝ ማለቴ ያበቃል፤ አውቃታለሁ። እኔ ከወረቀት ነው ያወቅሁት። ከወረቀት ማወቅ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ምንም አታድርግ። አትዘንልኝ፣ አትርዳኝ፣ አታስተካክልልኝ። እምቢ ካሉት ጋር ቁጠረኝና ዝም በል።

የትምወርቅ


አንትወርፕ፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ፣ ለእናቴ ምትክ፣

እግዚአብሔር በብዙ ምሕረቱ ይጠብቅሽ። ደብዳቤሽን ትራም ላይ ከፍቼ መውረጃዬን ሦስት ፌርማታ አልፌዋለሁ። ስለ ሥዕሉና ስለ ሳሉ ያሾፍኩት ትዝ ሲለኝ ፊቴን የማስገባበት አጣሁ። አሥራ አንድ ዓመት! እኔ እኮ ከዚያ ውስጥ ሁለቱን ቤትሽ በልቼ፣ ቤትሽ ጠጥቼ፣ አጠገብሽ አድሬ ነው የሄድኩት።

ምንም አታድርግ ብለሽኛል። እጄን አጣጥፌ መቀመጥ ግን አልሆነልኝም። እምቢ ከተባለ ሦስተኛው ጉብኝት አይቀርም፤ የቀበሌ ሰው ደጅሽ ቆሞ «ለምን?» ሲልሽ ታየኝ። ስለዚህ አስተካክዬዋለሁ። በዝርዝሩ ላይ ከቤትሽ አንጻር ኮድ ሁለት የሚል ነበር፤ ሁለት ማለት እምቢታ ነው። እርሱን ኮድ ስድስት አድርጌዋለሁ። ስድስት ማለት ኮትሪሞክሳዞል የሚወስድ ሰው ያለበት ቤት ነው፤ ከጥናቱ ይወጣል፣ ማንም ደግሞ አያንኳኳውም። ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ብቻ ነው። ለሚሊዮንም ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

አልደብቅሽም፣ ለእኔም ሳይረዳኝ አልቀረም። የአንቺንና መሰል ቤቶችን ወደ ስድስት ስናዛውር እምቢ ያሉት ከመቶ ዘጠኝ ሆኑ። አለቃዬ ፈገግ ሲሉ ከመጣሁ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። የአንቺን ችግር አቃልዬ የእኔም መቃለሉን ሳስብ ፈጣሪ ያዘጋጀው ይመስለኛል።

አሁን ዕረፊ። ማንም አያውቅም፣ ማንም አይመጣም።

ወንድምሽ ልዑልሰገድ


አንትወርፕ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ የትምወርቅ፣

ሰላምሽን ከሰማሁ ሁለት ወር አለፈኝ። ለገብርኤል ወጥተሽ በሰላም እንደተመለስሽ ተስፋ አደርጋለሁ። ዝምታሽ አሳስቦኛል፤ ሆኖም ዛሬ የምጽፈው ደስ የማይል ነገር ስለሆነ ሳትሰሚው እንዳትቀሪ ፈራሁ።

ነገሩ የውዳሴ ነው። ሚሊዮን በላከው ሪፖርት መሠረት አንድ መረጃ አስገቢ ያለ ፈቃድ መዝገብ ለውጣለች። የአንድን ቤት ምክንያት ከስድስት ወደ ሁለት ቀይራለች። መጀመሪያ ጣት ስቶ ነው ብለው አረሙት። መልሳ ለወጠችው። ሁለተኛም አረሙት፣ ሁለተኛም ለወጠችው። ሲጠይቋት «እኔ ነኝ የለወጥሁት» ከማለት በቀር አትናገርም። ስሟን ሳይ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የትኛው ቤት እንደሆነ አላውቅም፤ የነዋሪዎች ምስጢር ስለሆነ ሪፖርቱ ላይ የቤት ቁጥር አይጻፍም። ስድስት የተባሉ አሥራ ዘጠኝ ቤቶች አሉና የቱንም ሊሆን ይችላል።

እኔ በስብሰባ ተወጥሬ ስለነበር የዕግዱን ደብዳቤ ፈርሜ ልኬዋለሁ። ዝምድና አይቼ ባልፋት ነገ ሌላውን መናገር አልችልም። ነሐሴ 22 ቀን የጥናቱ ኮሚቴ ያያታል። ምክንያቷን ካልተናገረች መዝገብ አጭበርብራለች ተብሎ ለምትማርበት ክፍል ይጻፋል። ያ ከተጻፈ መመረቋ ራሱ ያጠራጥራል።

እባክሽ ምከሪያት። ዝም ማለት ለማን ይበጃታል? እውነቱን ብትናገር እኔም የምረዳበት መንገድ አገኝ ነበር። እንዲህ ግትር መሆኗን ከማን ወረሰችው?

ልዑልሰገድ


ዲላ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልዑልሰገድ፣

የሰላምታው ቦታ ይኸው ባዶውን ተቀመጠ።

ትምህርት ቤቱ ለክረምት ሲዘጋ የፖስታ ሳጥኑ ቁልፍ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ይርጋጨፌ ሄዶ ነበር። ሁለቱን ደብዳቤዎችህን ነሐሴ 19 ቀን ባንድነት ተቀበልሁ። እዚያው የትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ ቆሜ አነበብኋቸው። ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ብቻ ነው ትላለህ። ልጄ የተወለደችበትን ቤት ቁጥር አታውቅም ብለህ ነው? የጤና ተማሪ ኮትሪሞክሳዞልን በየቀኑ ማን እንደሚወስደው አታውቅም ብለህ ነው? ልጄ እዚያ ቢሮ እንደምትሠራ ጽፌልህ ነበር፤ ያስገባሃትም አንተ ነህ። ስድስትን ስትጽፍ የታየህ ግን መቶኛህ ነው። ሁለተኛውን ደብዳቤ ሳነብ ደግሞ ያንኑ ቤት እያወራኸኝ «የትኛው ቤት እንደሆነ አላውቅም» ትላለህ። ስንት ዓመት ነው የተማርኸው?

በሰኔ መጨረሻ አንድ ቀን ከሥራ መጥታ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች። «እማዬ፣ ጤናሽ እንዴት ነው?» አለችኝ። ደኅና ነኝ አልሁ። ደገመችኝ። ደኅና ነኝ አልሁ። እኔ የሥራ ድካም መስሎኝ ወጥ ላሞቅ ተነሳሁ። በማግስቱ የአባቷን ፎቶ ከግድግዳ አወረደችው፤ ፍሬሙ ላልቷል አለችኝ። ለገብርኤል ስነሳ በር ድረስ ሸኝታኝ «ለመልአኩ ሰላም በይልኝ» አለች። ዓይኗን አየሁት፣ ግን አላነበብሁትም። ሐምሌ ሲያልቅ ሥራ መሄድ ተወች፤ ውሉ አለቀ አለችኝ፤ አመንኋት።

ደብዳቤዎችህን ይዤ ስገባ ልብስ እያጠበች ነበር።

«አንቺ ነሽ የለወጥሽው?»

«አዎ።»

«ምን አስበሽ ነው?»

«እዚያ ቢሮ መዝገቡን አምስት ሰው ነው የሚያየው እኮ፣ እማዬ። ስድስት ከሚሉሽ እምቢተኛ ይበሉሽ ብዬ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሁለቴ ጠይቄሻለሁ።»

ልብሱን ጨምቃ አሰጣች። ከዚያ ነው ቀና ብላ እኔንም በእጄ የያዝኋቸውን ደብዳቤዎችህንም ያየችው። «ለእሱ ቴምብር ለጥፈሽ ልከሽለታል። እኔ ግድግዳው ማዶ ነበርሁ። ብቻዬን ሄጄ ተመረመርሁ፣ ታውቂያለሽ? ወረፋ ላይ አራት ሰዓት ተቀመጥሁ። የአባዬን የምርመራ ወረቀትም ከደረሰኞቹ መሃል አግኝቼዋለሁ። አባዬ አንቺን ደበቀሽ፣ አንቺ እኔን ደበቅሽኝ። እዚህ ቤት እውነት ለማን ነው የሚነገረው?»

 ልብሱ የታጠበበትን ውኃ አውጥቼ ደፋሁ።

ኮሚቴው ፊት እንዳልመጣ አስማለችኝ። እርሷም ላትናገር ምላለች፤ ዲግሪዋ ቢቀር ይቅር ብላለች። እኔ መሐላዬን አፈረስሁ። ነሐሴ 22 ቀን ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለውን የቢሮህን ደረጃ ወጣሁ። ሦስት ሰው ተቀምጧል፤ ሚሊዮን፣ አንዲት ነርስ፣ በቀበሌ ስም ደግሞ የእድራችን ጸሐፊ ተሻለ። ውዳሴ ጥግ ላይ ነበረች። ስታየኝ ተነሥታ «እማዬ ውጪ» አለች። ወንበር ሰጡኝ፤ ቆሜ ልናገር አልሁ። ቤት ቁጥር 214 የእኔ ነው፣ ኤችአይቪ በደሜ አለ፣ ልጄ የለወጠችው እኔን ለመሸፈን ነው ብዬ ነገርኋቸው። ሚሊዮን ጠረጴዛውን እያየ «መምህር፣ ይህን ባይናገሩት እኮ…» አለ። ባልናገረውስ ልጄን ምን ልታደርጓት ነበር አልሁት። 

ለትምህርት ክፍሏ አይጻፍም ብለው ወሰኑ። ሥራዋ ግን አይመለስም፤ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን መዝገብ መለወጥ መዝገብ መለወጥ ነው ተባለ። አልከራከርሁም፤ እኔም ተማሪ መልስ ሲቀዳ ስይዝ ያንኑ እላለሁ።

ደረጃው ሥር ቆማ ጠበቀችኝ። ታቅፈኛለች ብዬ ነበር፤ አልዋሽህም፣ ያንን ጠብቄ ነበር። «ማን ተናገሪ አለሽ?» አለችኝ። «ሥራዬን የሰጠሁት፣ ስሜን የሰጠሁት እንዳይሰማ ነበር። አሁን ምን አተረፍሁ?» በሁለት ባጃጅ ወደ ቤታችን ገባን።

ተሻለ ተናግሯል አልልም፤ ከየት እንደወጣ አላውቅም። ግን ሰላም ብሎኝ የማያውቅ ሰው ሁሉ አሁን ጤናዬን ይጠይቀኛል። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው «እንዴት ነሽልን?» ይላሉ። የእድሩ ሴቶች ድስት ሲያነሱ «አንቺ ተይው፣ አትድከሚ» ይሉኛል። ከስድብ ይልቅ ይህኛው ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ይውላል።

ይቅርታ ብለህ እንደምትጽፍ አውቃለሁ፤ እጅህ ለመጻፍ ፈጣን ነው። ለእኔ አትጻፍ። ለእርሷም አትጻፍ፤ ካንተ የመጣ ወረቀት ይበቃታል። የለመንሁህ ዝም እንድትል ነበር። ለተማረ ሰው ዝም ማለት ይህን ያህል ይከብዳል?

ውዳሴ ቤት አለች፣ አልሄደችም። ትሄዳለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አሁን ግን ብትጮህብኝ፣ ብትሄድብኝ እመርጥ ነበር። ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን ኪኒኔን በሳህን፣ ውኃውን በብርጭቆ ከፊቴ አስቀምጣ ወደ ክፍሏ ትመለሳለች። አንድ ቀን አላሳለፈችም። አንድ ቃልም አልተናገረችም። አሥራ አንድ ዓመት ተደብቄ ብቻዬን ስውጠው እንዲህ አይመረኝም ነበር።

የትምወርቅ